በረዶው የማን ነበር

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ የትም አይሄዱም፤ ዝናብ ነው። ያንን የአይሮፕላኑን ነገር ይንገሩን» ብለው የልጅ ልጆቼ በር ዘግተው ያዙኝ። እውነታቸውን ነው፤ ፀሐይ ካለች እኔ ቤት አልገኝም። ዛሬ አንዱ ጠበል፣ ነገ አንዱ ደብር፣ እግሬ መቀመጥ አያውቅም። ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝና እኔ እናገራለሁ፣ ከመካከላቸው እጇ የሚፈጥነው ትጽፋለች። «ንግግሬን እንዳታቃኚብኝ፤ እንደ ወጣ ጻፊው» ብያታለሁ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከአባቴ ሥራ ልጀምር።

አባቴ በረዶ መላሽ ነበር። ይህን ስል ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያኔ ግን በእኛ አገር፣ በቡሬና ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንለው ከተማ መካከል፣ በረዶ መላሽ የሌለው አጥቢያ እረኛ እንደሌለው መንጋ ነበር። (ከተማዋም ያኔ ይህ ስም አልወጣላትም።) ሰብሉ ዘለላ ማውጣት ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ ደመናውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። አባቴ በእነዚያ ወራት ጠላ አይቀምስም፣ ፀጉሩን አይላጭም፣ መኝታውንም ከእናቴ ይለያል። ክፉ ደመና የተነሣ እንደሆነ ቀንደ መለከቱንና የወይራ በትሩን ይዞ ከቤታችን በላይ ወዳለው ጉብታ ይሮጣል። እዚያ እርጥብ ቅጠል ያጨሳል፣ ቀንዱን ይነፋል፣ ከአባቱ የተማረውን ጸሎት ይደግማል፤ ደመናውን በበትሩ እየጠቆመም «እለፍ! ዘር ወደሌለበት ገደል እለፍ!» ይለዋል። ልክ የጎረቤት በሬ እንደሚያባርር ሰው ነው የሚቆጣው።

አዝመራ ሲገባ እያንዳንዱ ገበሬ ከአውድማው ይሰፍርለታል። የእኛ ማሳ ጠባብ ነበረች፤ የምንኖረው በዚህ ነው። በረዶው ከገባ ግን የሚሰፍርለት የለም። ያ ብቻ ቢሆን ደግ፤ «ሰማይ የናቀው» የሚል ስም ይወጣለታል፣ ይህ ስም ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ግን በአባቴ ጊዜ በረዶ ማሳችን ገብቶ አያውቅም ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰዎች መንገድ ይለቁለታል፤ እኔም ከኋላው ስከተል የተለቀቀው መንገድ የእኔም ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል። አርበኞቹ በቆላ በቆላው ናቸው፤ አንዳንድ ሌሊት ተኩስ እንሰማለን። አይሮፕላንም እናውቃለን፣ ከሩቅ። ድምፁ ሲመጣ እናቴ ጎትታኝ ከግራር ሥር ትገባለች፤ እስኪያልፍ ድረስም «እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን» ትላለች። በሰው እጅ የተሠራ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር። ነጎድጓድ ብረት ለብሶ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ።

የዚያን ዕለት መስቀል ካለፈ ብዙም አልቆየ። ኑጉ ቢጫ ሆኖ አብቦ፣ ጤፉ ዘለላውን ጥሎ፣ አገሩ ሁሉ ድግስ የተነጠፈበት ይመስል ነበር። ሰው «ዘንድሮስ ጥጋብ ነው» ማለት እየፈራ በልቡ ይለዋል፤ ጮክ ብለው ከተናገሩት ይሸሻላ። እኔ ጋሜ የምሠራ ልጅ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ከጓሮ ጎመን ስንቀነጥስ አየሩ ቀጥ አለ። ቅጠል አይነቃነቅም። ዶሮዎቹ ሳይጠሩ ቤት ገቡ። ቀና ስል በምሥራቅ በኩል ደመና ቆሟል፤ ሆዱ እንደ ቆየ ቁስል አረንጓዴ፣ ጠርዙ ግን ነጭ።

እናቴ እጇ ላይ ያለውን ጎመን ጣለችው። «ወየው! አንቺ ልጅ፣ መጥረቢያውን አውጪ!»

መጥረቢያ ስለቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ከግቢ መትከል የሴቶቹ ድርሻ ነው፤ በረዶ ስለት ይፈራል ይባላል። ተከልነው። አባቴ ቀድሞን ወጥቶ ኖሮ የቀንዱ ድምፅ ከጉብታው ወረደ፤ ጢሱም ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየሁ። መጀመሪያ ደመናው የቆመ መሰለኝ። እንዲያውም ወደ ጎን ሸሸት ያለ መሰለኝና «እማ፣ እየሄደ ነው!» አልኩ።

ከዚያ ወረደ። ምን ልበላችሁ? በረዶ አይታችኋል፤ ያንን ግን አላያችሁም። የመጀመሪያዋ ፍሬ ከጣራችን ላይ ጠብ ስትል ድንጋይ የወረወረብን ሰው አለ ብዬ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የቆቅ እንቁላል ያህላል፤ ከዚያ የሕፃን ጡጫ የሚያህል። ከበሩ ላይ ቆመን ሰማይ ሲፈርስ አየን። ከጎረቤት ጋር በጩኸት እንኳ አንሰማማም። መጥረቢያውን ከተተከለበት ነቅሎ ጣለው። በዚያ ሁሉ መካከል የአባቴ ቀንድ ይሰማል፤ ቀጭን፣ ሩቅ፣ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይመለሳል። ከዚያ ጠፋ፤ አልተመለሰም። እናቴ ጆሮዋን ወደ ጉብታው አዘንብላ ቆየችና «ዝም አለ» አለች።

ያኔ ነው ሌላው ድምፅ የመጣው።

ከደመናው ሆድ ወጣ። አንድ ክንፉን አዘንብሎ፣ የተመታ ንሥር ይመስል። እንዲህ ቀርቦ አይቼው አላውቅም፤ ጎማዎቹ ሲሽከረከሩ አይቻለሁ። ከደብሩ ጽድ ጫፍ ጋር ሊጋጭ ደርሶ ተነሣ፣ ተመልሶም ወረደ፤ በረዶው ከላይ ይደበድበዋል፣ ነፋሱ ከጎን ይገፋዋል። የሚፈልገውን አወቅሁ፤ ሰው ሲጨንቀው የሚፈልገውን ነው፣ ለጥ ያለ መሬት። ከሰፈራችን በታች የወል መስካችን አለ፤ ከላይ ሲያዩት እንደ ቁርበት የተነጠፈ ነው። ወደዚያ ወረደ። ጎማው መሬት ሲነካ ውሃውና በረዶው እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ ተነሣ። ከዚያ በፍሬው ላይ ተንሸራተተ፤ ጥሬ በፈሰሰበት አውድማ ላይ እንደሚንሸራተት በሬ። የመስኩን ውሃ የምናፈስበት ቦይ አለ። ከላይ አይታይም፣ ሣር ሸፍኖታል። ጎማው እዚያ ገባ። ጭራው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ተነሣ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በአፍንጫው ቆሞ የሚጸልይ ይመስላል። ከዚያ በአንድ ክንፉ ላይ ዘንበል ብሎ ተኛ።

በረዶውም የመጣው ለዚህ ብቻ ይመስል ቆመ።

ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ፀሐይ ወጣች። አገሩ ሁሉ ነጭ ነው፤ ከነጩም ላይ እንፋሎት ይነሣል። ኑጉ የለም። ጤፉ የለም። ማለዳ ቢጫና አረንጓዴ የነበረ ምድር ተላጭቷል። በመካከሉ ያ አመድማ ነገር ተኝቶ ጭስ የለውም፣ እሳት የለውም፤ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ብቻ። ማንም ከደጁ አልተነቃነቀም። ፈርተን ብቻ አይደለም፤ ቅዳሴ መካከል የሚንቀሳቀስ የለምና ነው።

የመጀመሪያው ሰው ከጉብታው ወርዶ ሲሮጥ አየን። አባቴ ነው። ግንባሩ በበረዶ ተፈንክቶ ደሙ በጢሙ ይወርዳል። «ቆማችሁ ታያላችሁ? ሰው አለበት እኮ!» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹ እየተያዩ ተከተሉት፤ ሴቶቹም፤ እኔም።

ስቀርብ እጄን ዘርግቼ ክንፉን ነካሁ። ጨርቅ ነው! ከዚያ ሁሉ ፍርሃት በኋላ ጨርቅ! እንጨት ላይ የተወጠረ፣ የተቀባ፣ በበረዶው ወንፊት የሆነ ጨርቅ። ዳሩ ላይ ስፌት ነበረው፤ ስፌቱ ከእናቴ እጅ የጠበበ ነው። ጣቴን በስፌቱ ላይ እያሄድኩ፣ ይህን የሰፋ ሰው መርፌው ወግቶት ያውቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከግራር ሥር እንደ ጥንቸል ያስገባን ነገር ይሄ ነው? ፍርሃቴ ግን በዚህ አልጠፋም፤ በረታብኝ እንጂ። በጨርቅ ተቀምጦ ደመና ውስጥ የሚገባ ፍጡር ምን ዓይነት ልብ አለው?

ፍጡር ያልኩት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ጢሙ በቅጡ ያልሞላ ነጭ ልጅ፣ በጠፍር ታስሮ ተንጠልጥሎ። አባቴ ጠፍሩን በቢላዋ ቆርጦ ከወንዶቹ ጋር አወረደው። እግሩ ተሰብሯል፣ አፍንጫው ይደማል። ዓይኑን ገልጦ ነጩን ምድር አየ፤ እኛን አየ፤ ከዚያ በሙሉ መዳፉ አማተበ፣ ከግራ ወደ ቀኝ።

«ያማትባል!» አለች እናቴ። «እንዴ! ይሄም ያማትባል!»

«ያማትብ ምን ያማትብ!» አለች ጎረቤታችን። ምላሷ ከመላው አጥቢያ የታወቀ ሴት ናት። «ባለፈው ዓመት ቆላው ላይ ቦምብ ሲጥልስ ያማትብ ነበር? ተዉት፤ ከወደቀበት ይሙት።»

ከወንዶቹም ብዙዎቹ ይህንኑ አሉ። የደብሩ ቄስ፣ የእኛ ንስሐ አባት፣ በረዶውን በዘንጋቸው እየገፉ ደረሱ። ልጁንም አይሮፕላኑንም በየተራ አዩ። «እግዚአብሔር ከዚያ ላይ ጥሎ ያልገደለውን እኛ ከዚህ ልንገድለው?» አሉ። «አንሡት። ማን ቤት ይግባ?»

አባቴ «እኔ ቤት» አለ።

ከመደባችን ላይ ተኛ። እናቴ ማር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው። ግንባሩ ላይ የምናደርገው በረዶ አልቸገረንም፤ ከደጃችን እየዘገንን ነው። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ከቡሬ እስኪመጡ ድረስ ጣራችንን እያየ ተኛ። ሲወስዱት የእናቴን እጅ ይዞ አልለቅም አለ፤ አንዱ አስካሪ ነው ጣቶቹን ያላቀቀው። ከዚያ በኋላ አላየነውም።

አሁን ወደ ሰው ነገር ልመለስ።

በማግስቱ ማሳውን ዞረው ያዩ ሰዎች ወደ ቤታችን መጡ። እናቴ ሊሰድቡን ነው ብላ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሰብሉ የለም፣ በረዶው ገብቷል፣ አባቴ የተቀጠረበት ነገር ፈርሷል። እነሱ ግን እየሳቁ መጡ።

«አያ፣ ምነው እንዲህ መሆኑን ብትነግረን!» አለ አንዱ። «ለካ በረዶውን አውቀህ ነው ያስገባኸው!»

«ምን አስገባሁ!» አለ አባቴ። «አመለጠኝ እንጂ።»

«እሱ አይናገርም፤ የአዋቂ ነገር እንዲህ ነው» ተባባሉ። «ጥይት ያላወረደውን የእኛ ሰው በቀንድ አወረደው።»

አባቴ ደጋግሞ «አመለጠኝ» አላቸው። በእያንዳንዱ ጊዜ የበለጠ አመኑ። አሁን በእርጅናዬ ሳስበው ይገባኛል። ዓመት የለፋበት ማሳ ባዶ ሲሆን ሰው ምክንያት ይፈልጋል። እንዲሁ ተመታን ከማለት፣ ሰብላችንን ሰጥተን አይሮፕላን ጣልን ማለት ለረኃብ ይሻላል። አባቴም ጥቂት ዝም ማለት ጀመረ። ሰማይ የናቀው ሊባል የነበረ ሰው በመንገድ ሲያልፍ እጅ ይነሡት ጀመር፤ የትኛው ሰው ነው ይህን የሚገፋ?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ማንኩሳ ደረሰ፣ ቡሬ ገበያ ደረሰ። ፎካሪዎች በጠላ ቤት ቀንድ የሚነፋ ሰው እያሉ ፎከሩበት። ከዚያም ምሽጉ ደረሰ።

አስካሪዎቹ ሲመጡ አባቴ አጥር ያጥር ነበር። እጁን የኋሊት አስረው ወሰዱት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ እኔንም በእጄ ያዘችኝ። ከደብሩ በታች ስንደርስ ሰዉ ተሰብስቧል፤ ሳቅ የለም። ሁሉም ያወቀውን አንድ ነገር አንድም ሰው አልተናገረም፤ በቡሬ ገበያ ዳር ያለውን ዋርካና ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠለውን ገመድ።

ቄሱ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። «በአፋችን የሰቀልነውን ሰው በአፋችን እናውርደው» አሉ። «ተነሡ፣ ቡሬ እንሄዳለን። እዚያ ስንደርስ ይህን ሰው ያመሰገነ አንደበት ቢኖር እገዝተዋለሁ።»

መንገዱን ሙሉ ማን ምን እንደሚል ተማከሩ። ያቺ ጎረቤታችን ብቻ «እኔን አትምከሩኝ፤ እኔ ሰው ለመስደብ ምክር ፈልጌ አላውቅም» አለች።

የጣሊያኑ ሹም ከምሽጉ በር ላይ ከወንበር ተቀምጦ ነበር፤ አስተርጓሚው በአጠገቡ ቆሟል። አባቴን እጁ እንደታሰረ አመጡት። ሹሙ ለአስተርጓሚው ተናገረ፤ አስተርጓሚውም ለእኛ እንዲህ አለ፦ «ጌታው በረዶ በሰው ይመጣል ብለው አያምኑም። ነገር ግን አይሮፕላን የሚጥል ሰው አለ እየተባለ ነው። ይህን ያለው እሱ ከሆነ ነገ በገበያ ይሰቀላል፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እንደሌሎቻችን አንገት ያለው መሆኑን ነው።»

ጎረቤታችን ሰዉን እየገፋች ወጣች። «ጌታዬ፣ ይሄ ሰው ነው በረዶ መላሽ? የገዛ ዶሮውን ከእኔ ማሳ መመለስ ያቃተው ሰው! ክረምቱን ሙሉ ጤፌን አስለቀመኝ። ‹እሽ በላት› ስለው እሱ ራሱ ዶሮዋን ይፈራታል!»

አስተርጓሚው ሲተረጉም አፉን በእጁ ሸፈነ። ሹሙ ቅንድቡን አነሣ።

አንድ ሽማግሌ ቀጠሉ። «ሚስቱ ተቆጥታ እናቷ ቤት የሄደች ጊዜ ለማስመለስ ሽማግሌ የላከው እኔን ነው። ሚስት ለመመለስ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ሰው ደመና ይመልሳል ማለት ነውር ነው፣ ጌታዬ።»

ሌላው ተነሣ፤ ጉብታው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ያገኘሁት እኔ ነኝ አለ። ሌላው ቀንዱን ሲነፋ ከብት ይደነብራል እንጂ ደመና አይሰማውም አለ። ይባስ ብሎ ቄሱ፣ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀው ሰው፣ «ጸሎቱንም አያውቀውም፤ ግማሹን ይዘለዋል» አሉ። ሰዉ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም። አባቴን ነበር የማየው። ራሱን አቀርቅሮ የራሱን ስም በየተራ ሲያፈርሱ ይሰማል። እያፈረሱ የሚያድኑት መሆኑ ሲገባኝ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። እነዚህ ሰዎች ሰብላቸው ያለቀባቸው ናቸው። ሊሰድቡት መብት የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ያኔ አልሰደቡትም። አሁን ለሕይወቱ ብለው ይሰድቡታል፤ ሴቲቱ ደግሞ እየሳቀች እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ስድብ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፣ ከዚያም በኋላ አልሰማሁም።

ሹሙ በጣቱ ወደ እናቴ ጠቆመ። «ሚስቱስ?»

እናቴ አልቀለደችም። «ጌታዬ፣ በረዶ ማምጣት ቢችል ከእኛ ማሳ ይጀምር ነበር? ይቺን ልጁን በምን ሊያበላት?» አለችና እኔን ወደፊት ገፋችኝ። ሹሙ አየኝ። ዓይኑ ሰማያዊ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ዓይን ከነጩ ልጅ በቀር አይቼ አላውቅም።

«አንተስ?» ተባለ አባቴ።

በእኛ አገር የታወቀ ነገር አለ፤ በረዶ መላሽ ሥራውን በገዛ አፉ ከካደ ደመና ከዚያ ወዲያ አይሰማውም። ሰዎቹ ቢሉት ምንም አይደለም፣ እሱ ራሱ ሲል ነው። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ሰዉ ሁሉ ውሸት እንዲናገርላቸው ጠበቀ፤ «እኔ ገበሬ ነኝ፣ ሌላ አላውቅም» ይበል። አባቴ ቀና አለ። ግንባሩ ላይ ያለው ቁስል ገና አልሻረም።

«ልመልሰው ወጥቼ ነበር» አለ። «አልመለስ አለኝ።»

ይኸው ነው። እውነቱ ነበር። ከሁሉ ስድብ የከበደው ያ ነው።

ሹሙ «ነገ» ብሎ ተነሣ። አባቴን መልሰው አስገቡት። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። እኛም ከምሽጉ በር ፊት ለፊት እንደተቀመጥን አደርን፤ ከአጥቢያችን ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አልነበረም።

ማለዳ ገበያተኛው መግባት ሲጀምር እናቴ እጄን በጣም አጥብቃ ይዛው ነበር፤ ደሙ ሸሽቶት ነጥቷል። በሩ ተከፈተ። አባቴ ብቻውን ወጣ። እጁ ተፈትቷል፤ ሲራመድ ግን አሁንም የኋሊት ያጣምረዋል። አስተርጓሚው ከበሩ ላይ ሆኖ «ውሰዱት። ሂዱ። ወደ ኋላ አትዩ» አለን። ለምን እንደሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። እልል አላልንም። ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ እየተጣደፍን ሄድን።

ከዚያ በኋላማ ሳቁ ሌላ ነው። ያቺ ጎረቤታችን እስክትሞት ድረስ አባቴን ባየችው ቁጥር «አያ፣ ያስፈታችህ ዶሮዋ ናት፤ ጥሬ አትንፈጋት» ትለው ነበር። ሽማግሌውም ያስፈታሁት እኔ ነኝ ይላሉ፣ ሌላውም እኔ ነኝ ይላል። በስንት ሠርግ ላይ ተከራክረውበታል። በዚያ በከፋ ዓመት፣ ከተመታው ማሳ ከጥግ ከጥጉ የተረፈችውን ለቅመው፣ ለአባቴ እንደ ልማዱ ሰፈሩለት። እናቴ አልቀበልም ብትል በጓሮ አስቀምጠው ሄዱ። ሰው እንዲህ ሊሆን እንደሚችል የማውቀው ከዚያ ነው።

አባቴ ግን ወደ ጉብታው አልተመለሰም። ቢለምኑትም «አፌ ተናግሯል» ይላቸዋል። ጣሊያንም ሄደ፣ ዘመኑም ተለወጠ፤ እሱ አረጀ። ደመና በተነሣ ቁጥር ደጅ ላይ ቆሞ ያያል፤ እናቴ «ግባ፣ ብርድ ነው» ትለዋለች። አንድ ነገር ብቻ ሳይመለስለት ሞተ። «በስድብ የለቀቀኝ አይመስለኝም» ይለኝ ነበር። «ያ ሰው በቀልድ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው አልነበረም። ለምን ለቀቀኝ?» እኔም «እግዜር ነው፣ አባባ» እለው ነበር። «እሱማ ነው፤ በማን በኩል?» ይለኛል።

እናቴንም ከቀበርን፣ እኔም ወልጄ ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ፣ እግሬ ግሽ ዓባይ አደረሰኝ። ከጠበሉ ስንመለስ ከአንዲት አሮጊት ጋር ከድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከእኔ በብዙ ይበልጣሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ተሳላሚ ሲገናኝ የሚጠያየቀውን ተጠያየቅን፤ ከየት ነሽ፣ ከየት ነዎት።

«እኔ አሁን ሰከላ ነኝ» አሉኝ። «ዱሮ ግን ከእናንተ ወንዝ ማዶ ነበርኩ። ባለቤቴ ከሄደ በኋላ ልጆቼን ይዤ ወደ ዘመዶቼ መጣሁ።»

«የት ሄዱ?»

«ቡሬ ምሽግ፣ በጣሊያን ጊዜ። በረዶ መላሽ ነበር። ልጄ፣ አታውቂው ይሆናል፤ ከእናንተ በኩል አንድ አይሮፕላን በበረዶ ወድቆ ነበር…»

ጠጋ ብዬ ሰማሁ።

«የማዶው ሰው አወረደው የሚባል ወሬ መጣ። ባለቤቴ ለብዙ ቀን ተብሰለሰለ። ‹ያን ደመና ከእኛ ላይ ወደዚያ የገፋሁት እኔ ነኝ፤ ምን አገባው!› ይል ነበር። ቀናተኛ ነበር ባሌ፣ በሥራው አይደርሱበትም። ከዚያ ሰውዬው ሊሰቀል ነው የሚል ሰማን። ባሌ ተነሣ፣ የቅዳሴ ልብሱን ለበሰ፣ ቀንዱን አንጠለጠለ። ወዴት ነው? አልኩት። ‹በእኔ በረዶ ሌላ ሰው አይሰቀልም› አለኝና ወጣ። ማታውን ወደ ምሽጉ በጓሮ በር መግባቱን ያዩ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ሬሳውንም አላገኘሁ። ልጆቼን ያገኙብኛል ብዬ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ጣሊያን ከሄደም በኋላ ማን ይጠይቀኛል?»

የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እጃቸውን በራሴ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ፤ አንዳች የቅሬታ ቃል አልወጣቸውም። «አባትሽ ዕድሜ አገኘ?» ብቻ ብለው ጠየቁ። አገኘ አልኳቸው። «እሰይ» አሉ።

ሰው ሲጨንቀው እንደሚጠይቀው፣ «በእናንተ በኩልስ በረዶው ሰብሉን እንዴት አደረገው?» አልኳቸው።

«የምን በረዶ?» አሉኝ። «በእኛ በኩል አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። ፀሐይ ነበረ፤ ኑጋችን እንዳበበ ዋለ።»